ከልጆች ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ስንጓዝ የት እንብላ?

የሦስት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔና ባለቤቴ የ9፣ የ6 እና የ2 ዓመት ልጆቻችንን ይዘን፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር በሁለት መኪና ወደ ሐዋሳ ለመሄድ አስበናል። ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው፤ እነርሱም ሁለት ልጆች አሏቸው። የማረፊያው ነገር አያስጨንቀኝም፤ የሚያስጨንቀኝ መንገድ ላይ የምንበላበት ቤት ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት በዚሁ መንገድ ስንሄድ ልጆቹ «ራበኝ» እስኪሉ ጠበቅን፤ ረሃቡ ከጠናባቸው በኋላ ደግሞ በሩ ላይ ብዙ መኪና የቆመበትን ቤት አይተን ጥሩ ስለመሰለን ገባን። ለትንንሾቹ በርበሬና ቃሪያ የሌለው ጥብስ አዘዝን፤ አስተናጋጁም «እሺ» ብሎ ሄደ። ከ50 ደቂቃ በኋላ የመጣው ጥብስ ቃሪያው ከላዩ ተለቀመ እንጂ አብሮ ተጠብሶ ኖሮ፣ ያኔ የ5 ዓመት የነበረው ልጄ አንድ ጉርሻ እንደጎረሰ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሐዋሳ የገባው ደረቅ ዳቦ በልቶ ነው። ሒሳቡም ሲመጣ ሜኑው ላይ ካየነው በልጦ አገኘነው፤ 15 በመቶው ቫትና የአገልግሎት ክፍያው ለብቻ እንደሚደመር የነገረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

አሁን ሁለት ቤተሰብ ነን፤ ከአምስቱ ልጆች ሦስቱ ከ7 ዓመት በታች ናቸው። ወጪው እንዳይከብደን፣ ልጆቹም ጠግበው እንዲነሱ፣ የእነርሱና የእኛ ስጋ የተለያየ ቢሆንም አንድ ጠረጴዛ ላይ እንድንቀመጥ እፈልጋለሁ። በዚህ መስመር የተመላለሳችሁ ሰዎች ቤት የምትመርጡት ምን አይታችሁ ነው?

የደቡብ መስመር ሹፌር

እህቴ፣ በዚህ መንገድ ከአሥር ዓመት በላይ ቤተሰብና እንግዳ አመላልሻለሁ፤ የልጅ አባትም ነኝ። ያጋጠመሽን ነገር ብዙ ሰው ላይ ሲደርስ ስላየሁ የማውቀውን ሳልሰስት እጽፍልሻለሁ።

ከሁሉ በፊት የምትበሉበትን ቦታ ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባቱ፣ ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ የምንላት ከተማ፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የፍጥነት መንገዱ ከሞጆ እስከ ባቱ ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው ቢያጥርም ለልጅ አንድ ችግር አምጥቷል፤ በፊት በቆቃ፣ በዓለም ጤና እና በመቂ በኩል ስናልፍ በፈለግንበት ቆመን ሙዝም ዳቦም እንገዛ ነበር፤ በፍጥነት መንገዱ ግን ባሰኘን ቦታ መቆም አይቻልም። ስለዚህ ልጆቹ ቁርሳቸውን ቤት በልተው ይውጡ፤ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ሙዝ በእጃችሁ ይኑር። ይህ ምሳን ይተካል ማለቴ አይደለም። የራበው ልጅ ይዞ የሚገባ ወላጅ ቤት አይመርጥም፣ ዋጋም አይጠይቅም፤ መክሰሱ የመምረጫ ጊዜ ይገዛላችኋል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የወጣ ቤተሰብ ብዙ ካልተንቀራፈፈ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ባቱ ይደርሳል። ምሳ በ5 ሰዓት ይታዘዝ። በዚያን ሰዓት ወጡ ገና ከምድጃ የወረደ ነው፤ ወጥ ቤቷም አልተጨናነቀችም፤ «ለልጆቹ ለብቻ በሌላ መጥበሻ ይሠራልን» ሲባል የሚሰማ አለ። ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ይህንኑ ቃል ብትናገሩ ማንም ጊዜ የለውም። ያ 50 ደቂቃ የጠበቃችሁትም፣ ቃሪያው በእጅ የተለቀመውም በዚያ ሰዓት ስለደረሳችሁ ይመስለኛል።

በሩ ላይ ስለቆመው መኪና ብዛት በግልጽ ልናገር። የሕዝብ ማመላለሻ የሚቆምበት ቤት ሁሉ ጥሩ ምግብ ያለበት አይደለም። መንገደኛ ይዞ ለሚመጣ ሹፌርና ለረዳቱ ምሳቸው በነፃ የሚቀርብበት ቤት ብዙ ነው፤ እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ባሉ ቤቶች በልቻለሁ፣ መንገደኞቼንም ወስጃለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ደስ አይለኝም። መኪናውን ትታችሁ የሚበላውን ሰው ተመልከቱ። የከተማው ነዋሪ፣ መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው ተቀምጦ የሚበላበት ቤት ነገም ያው ሰው ስለሚመጣበት ዋጋውም ጨዋታውም ሌላ ነው።

ቤቱ ጋ ስትደርሱ ሁላችሁም አትውረዱ። አንዱ ወላጅ ብቻ ይውረድና ወደ ምግቡ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሽንት ቤቱና ወደ እጅ መታጠቢያው ይሂድ። ሮቶው ውሃ አለው ወይስ ቧንቧው ደርቆ ከጎኑ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል? ሳሙና አለ? ልጆቹ ከመኪና ከወረዱና ወንበር ከያዙ በኋላ ተነሥቶ መውጣት ያሳፍራል፤ እያፈረ የሚበላ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

አዛዡ ደግሞ «ቃሪያ አታድርጉበት» ብሎ አይዘዝ። ከመጀመሪያው ቃሪያና በርበሬ የማይገባበትን ምግብ ይምረጥ፤ ቅቅል፣ አልጫ፣ ፓስታ፣ ሩዝ በአትክልት፣ ድንች፣ እንቁላል። በተለይ ቅቅል ለልጅ የተፈጠረ ምግብ ነው፤ ስጋው ለስላሳ፣ ድንቹ ውስጡ የበሰለ፣ መረቁ ዳቦ ይነከርበታል። አንድ ቅቅል ከተጨማሪ ዳቦ ጋር ሁለት ትንንሽ ልጆችን ያጠግባል።

እናት ከሻሸመኔ

ስለ ስጋው ያነሣሽውን እኔ ልመልስ። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ከክርስቲያን ጓደኞቻችን ጋር በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ተጉዘናል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ሁለቱ ቤተሰብ ሁለት ቤት ገብቶ ከበላ በኋላ መኪናው ጋ መገናኘት ነው። ልጆች ግን ለምን እንደተለያዩ አይገባቸውም፤ የእኔ ልጅ አንድ ጊዜ ጓደኛዋ ከሌለች አልበላም ብላ እስክንነሣ ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች።

መፍትሔው ዓሣ ነው። ዓሣ በማን ስም ታረደ የሚል ጥያቄ አይነሣበትም፤ ለእናንተም ለጎረቤቶችሽም ይሆናል፤ ባቱና ሐዋሳ ደግሞ ሐይቅ ዳር ስለሆኑ ዓሣው ትኩስ ነው። ከእርሱ ጋር ሽሮና አትክልት ሲጨመር አንድ ትሪ ላይ ሁላችሁም ትበላላችሁ። መጥበሻውና ዘይቱ ስጋ ያልተጠበሰበት መሆኑን ግን ጎረቤቶችሽ ይጠይቁ፤ ዓሣ ብቻ የሚሠራ ቤት ከተገኘ ይህም ጭንቀት ይቀራል።

ቀኑንም አስቡበት። ረቡዕና ዓርብ ብዙ የክርስቲያን ምግብ ቤቶች የፍስክ ምግብ አይሠሩም ወይም ጥቂት ብቻ ይሠራሉ። በጾም ቀን ዓሣ የሚበላ ቤተሰብም አለ፣ የማይበላም አለ፤ ያንን እናንተ ታውቃላችሁ። የሙስሊም ቤቶች በእነዚያ ቀናት ስጋ ቢኖራቸውም ዓርብ በጁምዓ ሶላት ሰዓት ይዘጋሉ ወይም ሠራተኛ ያንሳቸዋል። ሐሙስ ብትወጡ ከሁሉም ትገላገላላችሁ።

ነርስ ከአዳማ

ስለ ዋጋና ስለ ጣዕም ሌሎች ይጻፉ፤ እኔ ስለ ልጆቹ ሆድ እጽፋለሁ። ከጉዞ በኋላ ተቅማጥና ትውከት ይዟቸው የሚመጡ ሕፃናትን ስንጠይቅ ደጋግመን የምንሰማው ጥሬ ሰላጣ፣ ጁስ፣ ቆይቶ የቀዘቀዘ ወጥ እና ያልፈላ ወተት ነው። ሰላጣው የታጠበበትን ውሃ አታውቁትም። ጁሱ ውስጥ የሚገባው ውሃም ከየት እንደተቀዳ አይታይም፤ ልጆቹ ካማራቸው ብርቱካን ወይም ሙዝ ገዝታችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ ራሳችሁ ላጡላቸው። ለ2 ዓመቷ ልጅ ወተት ስታዙ «ሞቅ ይበል» አትበሉ፤ «ይፍላ» በሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ርካሽ ቤት ሁሉ ቆሻሻ፣ ውድ ቤት ሁሉ ንጹሕ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ምድጃ ላይ ዓይናችሁ እያየ የሚጠበስ፣ እየጨሰ የሚቀርብ ሽሮ ወይም ዓሣ በትልቅ አዳራሽ ለብ ብሎ ከተደረደረ ምግብ ለልጅ ይሻላል። ውሃ ስትገዙ የሃይላንዱ ክዳን ማሸጊያ ሲበጠስ በጆሯችሁ ስሙ።

የሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦ.አር.ኤስ.፣ ሁለት ፓኬት መኪና ውስጥ ይኑራችሁ። ዋጋው ትንሽ ነው። አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በዚያ መጠን ብቻ፤ ውሃ መቀነስም መጨመርም አይገባም፤ ተበጥብጦ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከጠፋ ወይም ሰገራው ላይ ደም ካያችሁ ጉዞውን አቁማችሁ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ሂዱ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ የምኖረው በሜሪላንድ ነው፤ ባለፈው ክረምት የ5 እና የ8 ዓመት ልጆቼን ይዤ በዚሁ መስመር ሄጃለሁ። ልጆቼ እንጀራ ቤታችን ውስጥ ቢበሉም በማያውቁት ቤት ሲቀርብላቸው አልነካም አሉ። መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ በኋላ ግን በየቦታው አንድ የሚያውቁትን ነገር፣ ፓስታ ወይም እንቁላል ወይም ዳቦ፣ ማዘዝ ጀመርኩ። ያ ሳህን ፊታቸው ሲቀመጥ ከእኛ ትሪም መቅመስ ጀመሩ፤ በሦስተኛው ቀን ታናሹ ሽሮውን በእጁ እየጠቀለለ ይበላ ነበር።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፤ ለልጆች ይመቻል ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ በትልልቅ ሆቴሎች ብቻ አበላኋቸው። ወንበሩ ምቹ ነው፤ ሒሳቡ ግን በአካባቢው ደህና ቤት ከምንበላው በብዙ እጥፍ ነበር፤ ልጆቹም የበሉት ያንኑ ፓስታ ነው። የሕፃን ወንበር በትንንሽ ቤቶች አይገኝም። እናቴ ታናሹን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር በነጠላ ወገቡ ላይ ላላ አድርጋ አሰረችውና ምሳውን ሳይወድቅ፣ ሳይሮጥም በላ።

መምህር ከባቱ

ከአንድ ነገር በስተቀር በሹፌሩ ሐሳብ እስማማለሁ። የከተማው ሰው የሚበላበት ቤት ለዋጋ ጥሩ ቢሆንም ለልጅ ሁልጊዜ አይመችም። የእኛ የመምህራን ቤት ጠባብ ናት፤ በሩ ከአስፋልቱ ጋር ፊት ለፊት ነው፤ ባጃጁ ከደጃፉ ይመላለሳል። ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው አጥር ግቢና ጥላ ያለው ቤት ጥቂት ቢወደድም ይሻለዋል፤ ምግቡ እስኪደርስ ልጆቹ የሚንቀሳቀሱበት ቦታ ከሌለ ወላጁ ሳይበላ ሲያባርር ይውላል።

ስለ ዓሣው ትንሽ ልጨምር። በእኛ ሐይቅ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይገኛል፤ አምባዛም አለ። ቆሮሶ ሙሉውን ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ ሲጠበስ እጅግ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ቀጫጭን አጥንት ስላለው ለትንንሽ ልጆች አደገኛ ነው። ለእነርሱ አጥንቱ የወጣለትን ዓሣ እዘዙ፤ ኮተሌት ወይም ጉላሽ ይሆናል። ጉላሹ በቲማቲምና በሽንኩርት ስለሚሠራ ከመታዘዙ በፊት ቃሪያ እንዳይገባ መንገር ይበቃል። ያም ሆኖ ከማጉረሳችሁ በፊት በጣታችሁ ፈትሹት። ለትልልቆቹ ሙሉ ዓሣ ስታዙ ዋጋው በመጠኑ ስለሚለያይ ዓሣውን አሳዩን በሉ፤ ዋጋውን ያኔውኑ ተስማሙ።

የሦስት ልጆች እናት

በእውነት ልባችሁ ይባረክ። ጎረቤቴ ስለ ዓሣው የተጻፈውን ሳነብላት «እንዴት እስከዛሬ አላሰብነውም!» አለች። ሐሙስ ለመውጣት ተስማምተናል። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ዋጋውን በግምት የሚነግረኝ ይኖራል? ሐዋሳ ከደረስንስ በኋላ ለሁለት ቀን የት እንብላ?

የደቡብ መስመር ሹፌር

ዋጋ ብጽፍልሽ አሳስትሻለሁ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይቱም ፓስታውም ጨምሯል፤ የዛሬ ሦስት ወር የከፈልኩት ዛሬ አይሠራም። ከቁጥር ይልቅ ሦስት ጥያቄ ያዢ፤ «ዋጋው ቫትን ጨምሮ ነው? የአገልግሎት ክፍያ አለው? ተጨማሪ እንጀራ ይታሰባል?» ይህን ከማዘዝሽ በፊት ጠይቂ። ብዛቱን በተመለከተ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ምግብ አትዘዙ። ለአራት አዋቂና ለአምስት ልጅ አምስት ምግብ አዝዛችሁ ጀምሩ፤ ካነሰ ይጨመራል፤ የተረፈውን ግን ገንዘብ የሚመልስላችሁ የለም።

የሐዋሳ ነዋሪ

እንኳን ወደ ከተማችን በደህና ትመጣላችሁ። ዓርብ ጠዋት ልጆቹን ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ውሰዷቸው። ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ዓሣው እዚያው ይጸዳል፤ የሚጣለውን ሆድ ዕቃ ለመልቀም አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከልጅ ቁመት በላይ ሆነው በሰው መሐል ይራመዳሉ። መግቢያው ክፍያ አለው። የተጠበሰ ዓሣ እዚያው ይበላል፤ ለትልልቆች ዳጣ ይቀርባል፤ ዳጣው በጣም የሚያቃጥል ስለሆነ ከልጆቹ እጅ አርቁት። ጥሬ ዓሣ የሚበሉ ሰዎችም ታያላችሁ፤ ለልጅ አትስጡ። እጅ መታጠቢያው ወረፋ ስላለው ሳሙናና ውሃ ይዛችሁ ሂዱ።

ምሳና እራትን ሐይቁ ዳር ካሉት ቤቶች ይልቅ ወደ ከተማው ጥቂት ገባ ብላችሁ ብትበሉ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ፣ ወጪያችሁ ይቀንሳል። ሐይቅ ዳር ያለው ቤት የሚያስከፍለው የመቀመጫውን ጭምር ነው፤ ስለዚህ ከምሳ በኋላ ሻይና ለስላሳ ብቻ ይዛችሁ ልጆቹን በጥላው ሥር አጫውቷቸው። የሲዳማን ቡርሳሜ የሚሠራ ቤት ካገኛችሁም አስቀምሷቸው፤ ከእንሰት የሚሠራ፣ በቅቤ የራሰ፣ ምንም የማያቃጥል ምግብ ነው። የእኔ ልጆች ከሁሉም አስቀድመው ይጠይቁታል።

የሦስት ልጆች እናት

ትናንት ተመልሰን ገባን፤ ቃል እንደገባሁት ልጻፍ።

ሐሙስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20 ወጣን፤ 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ባቱ ደረስን። የመጀመሪያው ቤት ደጁ ያማረ ነበር፤ ባለቤቴ ወርዶ ገባና ወዲያው ተመለሰ፤ ቧንቧው ደርቋል። ልጆቹ መኪናው ውስጥ ሙዝ ይበሉ ስለነበር ማንም አላለቀሰም። ሁለተኛው ቤት ዋጋው ጥሩ ሆኖ ሳለ መምህሩ እንዳሉት በሩ አስፋልቱ ላይ ነበር። ሦስተኛው ግቢ ነበረው፤ አንድ ትልቅ ግራር ሥር አራት ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ሮቶው ሙሉ፣ ሳሙናው በገመድ ተንጠልጥሏል። ቤቱ ዓሣ ብቻ እንደሚጠብስ ጎረቤቴ ራሷ ወጥ ቤት ገብታ አረጋገጠች።

ሁለት ሙሉ ቆሮሶ፣ ሁለት ጉላሽ፣ አንድ ሽሮ አዘዝን። ሦስቱን ጥያቄዎች ስጠይቅ አስተናጋጇ ፈገግ ብላ እንጀራ እንደሚታሰብ፣ ቫቱ ግን ውስጡ እንዳለ ነገረችን። ጉላሹ በ25 ደቂቃ ደረሰ። ባለፈው ዓመት ያለቀሰው ልጄ ሳህኑ ሲመጣ ወደኋላ ሸሸ፤ «ያቃጥላል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሳልመልስለት የጎረቤቴ የ5 ዓመት ልጅ አንዱን ቁራሽ ጎርሳ፣ አፏን ከፍታ ምላሷን አሳየችው፤ ከዚያም በትንሽ እጇ ጠቅልላ አጎረሰችው። አኘከ፤ ትንሽ አሰበና እጁን ወደ ትሪው ዘረጋ።